ማኅተም ያረፈበት ጉርድ ፎቶግራፍ እንዴት ይታደሳል?

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሟች እናት ወይም አያት ብቸኛ ምስል ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ መታወቂያ ላይ ተለጥፋ ማኅተም ያረፈባት፣ በኋላም በምላጭ ተፍቃ ተነሥታ መጽሐፍ መካከል የተቀመጠች ወረቀት። እንዲታደሱ ከሚመጡልኝ ፎቶግራፎች የሚበዙት እንዲህ ያሉት ናቸው። እዚህ ላይ አንዷን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዤ እሄዳለሁ። የሠራሁትን ስህተት አልደብቅም፤ ያገኘችውም እኔ ሳልሆን የሙያ ባልደረባዬ ናት።

ፎቶግራፏን ያመጡልኝ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሴት ናቸው፤ ምስሉ የእናታቸው ነው። ጥቁርና ነጭ ነች። ከቅንድብ እስከ አገጭ የወረደ እጥፋት ከሁለቱ ዓይኖች አንዱን በልቶታል። ሐምራዊ ማኅተም ከትከሻ ተነሥቶ ጉንጭ ላይ ይደርሳል። አንዱ የታች ማዕዘን ተቀድዶ የለም። ላይኛው ክፍል ላይ ሻይ ይሁን ቡና ያልታወቀ ነገር ፈስሶ ደርቋል። በዚህ ላይ ሁለት የስቴፕለር ቀዳዳዎች አሉ።

ወረቀቷን አያክሟት

የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። በውሃ፣ በአልኮል ወይም በመነጽር መጥረጊያ ለማጽዳት አይሞክሩ፤ የተሰነጠቀ የፎቶግራፍ ገጽ እርጥበት ሲያገኝ ምስሉን ተሸክሞ ይላጣል። በፕላስተር አይለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ሌላ ጠባሳ ያወጣል። ላሚኔት ማስደረግ የሚባለውን ነገርማ ባላነሣው ይሻላል፤ ስንት መልካም ፎቶግራፍ እንደዚያ ተቀቅሎ አይቻለሁ። አቧራ ካለ የካሜራ ሌንስ በሚጸዳበት የአየር መንፊያ ወይም በጣም ለስላሳ በሆነ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ይበቃል።

ፎቶግራፉ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ኖሮ ከክፈፉ መስታወት ጋር ከተጣበቀ ለማላቀቅ አይታገሉ። ከነመስታወቱ ስካን ያድርጉት ወይም በካሜራ ያንሡት። የወረቀቱ ጀርባም አይረሳ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ «ለማስታወሻ» የሚል የእጅ ጽሑፍ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ሁሉም መረጃ ነው፤ ጀርባውንም ስካን አድርገው ከፊቱ ጋር ያስቀምጡ።

ስካን ማድረግ

ሥራው ግማሹ እዚህ ይበላሻል ወይም ይቃናል። መደበኛ መጠን ላለው ፎቶግራፍ በኢንች 600 ነጥብ ይበቃል። ለጉርድ ግን 1200 ያድርጉት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር የሆነች ወረቀት በ1200 ስትነበብ 1417 በ1890 ፒክሰል ትሆናለች። ለጥሩ ኅትመት በኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አራት እጥፍ አድርገው 12 በ16 ሴንቲ ሜትር ማተም ይችላሉ። በ300 ስካን ያደረገ ሰው ግን መልሶ ማተም የሚችለው ያችኑ ጉርድ ነው። ከ1200 በላይ መሄድ በአብዛኛው የወረቀቱን ቃጫ ከማጉላት በቀር አዲስ ነገር አያመጣም።

ሦስት ነገሮች አይዘንጉ። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ስካን ያድርጉ፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። ፋይሉን በቲፍ (ጥራት ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት)፣ የብርሃን ደረጃዎችን አብዝቶ በሚይዘው በ16 ቢት ያስቀምጡ፤ ለእንዲህ ያለች ጉርድ 16 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል፣ ያን ያህል ሸክም አይደለም። በመጨረሻም ስካነሩ በራሱ የሚያደርገውን ማሳመር ሁሉ፣ አቧራ ማጥፋት፣ ማጥራት፣ ቀለም ማስተካከል፣ ያጥፉ።

እጥፋት ላለበት ፎቶግራፍ አንዲት ዘዴ ልጨምር። የስካነር መብራት ከአንድ ወገን ስለሚመጣ እጥፋቱ ጥላ ይጥላል። ፎቶግራፉን አንድ ጊዜ ስካን ካደረጉ በኋላ 180 ዲግሪ አዙረው ሁለተኛ ጊዜ ያድርጉ። ሁለተኛውን ኮምፒውተር ላይ መልሰው አዙረው በመጀመሪያው ላይ በትክክል ይደርቡትና የላይኛውን ግልጽነት ግማሽ ያድርጉት። ጥላዎቹ በተቃራኒ ወገን ስለወደቁ ይዳከማሉ። የእኔዋ ፎቶግራፍ እጥፋት በዚህ ብቻ በጣም ቀጥኗል።

ቤተሰቡን መጠየቅ

ይህን ደረጃ እኔ ዘልዬው ነበር፤ እርስዎ አይዝለሉት። ምን እንደለበሱ፣ ጌጥ ያደርጉ እንደሆነ፣ ፊታቸው ላይ ማርያም የሳመቻቸው ምልክት ወይም ጠባሳ እንዳለ፣ ንቅሳት እንዳላቸው፣ ጸጉራቸውን እንዴት ይሠሩት እንደነበር ይጠይቁ። የሚመስሏቸው ልጅ ወይም እኅት ካሉ የእነሱን ፎቶግራፍም ይዋሱ። ለመገልበጥ ሳይሆን የጆሮና የአፍንጫ አቀማመጥ ለማየት ነው።

ፕሮግራሙና ሌየሮቹ

ፎቶሾፕ ካለ መልካም፤ ከሌለ ጂምፕ በነጻ የሚገኝ ነው፣ ከ2018ቱ 2.10 ጀምሮ ባለ16 ቢት ፋይልም ያስተናግዳል። እዚህ የምለው ሁሉ በሁለቱም ይሠራል።

ሕጉ አንድ ነው፤ ዋናው ስካን አይነካም። ከታች ይቆለፋል። እያንዳንዱ ዓይነት ሥራ በላዩ የራሱ ሌየር፣ ማለትም እንደ ግልጽ ወረቀት የሚደረብ ገጽ፣ ይኑረው፤ ማኅተም ለብቻ፣ እጥፋት ለብቻ፣ አቧራ ለብቻ፣ የተቀደደው ማዕዘን ለብቻ። ስም ይስጧቸው። «ሌየር 14 ኮፒ 2» የሚል ስም በማግስቱ ለራስዎም እንቆቅልሽ ነው። ይህ ጥንቃቄ ኋላ ላይ ከትልቅ ኀፍረት አድኖኛል።

ማኅተሙን በብሩሽ አይፋቁት

ጀማሪ የሆነ ሁሉ ማኅተሙን ነጥብ በነጥብ እየሸፈነ ሲለፋ ይውላል። ጉንጭ ላይ ያረፈ ማኅተም በዚህ መንገድ ሲጠፋ ጉንጩም አብሮ ይጠፋል። ከሥሩ ያለው ምስል ግን አልጠፋም፤ ቀለም ነው የተደረበበት። በቀለም ስካን ያደረግነውም ለዚህ ነው።

ባለቀለም ስካን በውስጡ ሦስት ጥቁርና ነጭ ምስሎች አሉት፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን። የቻናሎችን ሰሌዳ ከፍተው አንድ በአንድ ያብሯቸው። በዚች ፎቶግራፍ ላይ ያየሁት እንዲህ ነው። በአረንጓዴው ማኅተሙ ጠቁሮ ፊደሎቹ ሳይቀሩ ተነበቡ። በሰማያዊው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ የፈሰሰው ሻይ ግን ጠቆረ። በቀዩ ደግሞ ሻዩ ጠፋ፣ ማኅተሙ በመጠኑ ታየ። ቡናማና ቢጫ ነገር ሰማያዊ ብርሃንን ውጦ ቀዩን ይመልሳል፤ ሐምራዊ ቀለም በአንጻሩ አረንጓዴውን ይውጣል። የማኅተም ቀለም ሁሉ አንድ ስላልሆነ የእርስዎዋ ፎቶግራፍ ላይ ቀዩ ከሰማያዊው ሊሻል ይችላል፤ ሦስቱንም አይቶ መምረጥ ነው።

እኔ የቀዩን ቻናል እንደ መሠረት ወሰድኩ፤ ሻዩ በዚያው ተገላገለኝ። የሰማያዊውን በላዩ አድርጌ በማስክ (የሌየርን ክፍል በሚደብቀውና በሚገልጠው መሸፈኛ) ሸፈንኩትና ማኅተሙ ባረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ማስኩን ከፈትኩ። የሁለቱ ብርሃን እኩል ስላልሆነ የሰማያዊውን በከርቭስ (ብርሃንና ጥላን በሚያስተካክለው መሣሪያ) ማመጣጠን ነበረብኝ፤ ጉንጭ ላይ ድንበሩ እስኪጠፋ ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደ። ለብሩሽ የተረፈው ጥቂት ርዝራዥ ብቻ ነበር።

ብርሃንና ጥላ

የደበዘዘ ፎቶግራፍ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩም ግራጫ ይሆናል። በከርቭስ ሁለቱን ጫፎች ይለዩ፤ ግን እስከ መጨረሻው አይግፉ። ከ0 እስከ 255 በሚቆጠረው መለኪያ ጥቁሩን 12 አካባቢ፣ ነጩን 242 አካባቢ ላይ አቆማለሁ። በተለይ ነጠላ የለበሰ ሰው ከሆነ ነጩን ሲገፉ የነጠላው እጥፋት ሁሉ ይጠፋና ሰውየው ነጭ ወረቀት የለበሰ ይመስላል። ፎቶ ቤቱ የነጠላውን እጥፋት ለማሳየት መብራቱን አስቦ አስቀምጦ ነበር፤ ያንን መጣል ግፍ ነው።

እጥፋትና የተቀደደ ማዕዘን

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂዱ፤ በመጀመሪያ ከኋላ ያለው መጋረጃ፣ ከዚያ ልብስ፣ ከዚያ ጸጉር፣ ፊት በመጨረሻ። እጅ የሚፍታታው በመጋረጃው ላይ ነው።

ሰፊ ወጥ ቦታ ላይ ሂሊንግ ብረሽ (የቀዳውን ናሙና ከአካባቢው ጋር የሚያዋህድ ብሩሽ) ይበቃል። ጥቁርና ነጭ በሚገናኙበት ጠርዝ፣ ለምሳሌ ጸጉር ከመጋረጃው በሚለይበት ላይ ግን ሂሊንግ ብረሽ ሁለቱን አደባልቆ ያጨቀያል፤ እዚያ ናሙናውን እንዳለ የሚገለብጠውን ክሎን ስታምፕ ይጠቀሙ። ብሩሹ ከእጥፋቱ ስፋት ጥቂት ብቻ ይብለጥ። ሹሩባ ላይ ናሙና የሚወስዱት ከዚያው ከጉንጉኑ መስመር፣ በጉንጉኑ አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ከጎን ካለው መስመር የተወሰደ ጸጉር የተበጠሰ ይመስላል።

የተቀደደውን ማዕዘን ለመሙላት ከሌላው ትከሻ የነጠላ ቁራጭ ቀድቼ አዙሬ ለጠፍኩ። ፎቶሾፕ በራሱ እንዲሞላው ሞክሬም ነበር፤ የሰጠኝ ሹራብ የሚመስል ነገር ነው። ነጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ አልፈርድበትም።

የተበላው ዓይን

ሁሉም የሚያደርገው ደህናውን ዓይን ቀድቶ ገልብጦ መለጠፍ ነው። እኔም እንዲያው አደረግሁ። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የሰው ሁለት ዓይኖች እኩል አይደሉም፤ አንደኛው ሽፋሽፍት ጥቂት ይወርዳል፣ አንደኛው ጥግ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከእጥፋቱ የተረፈችውን ሁሉ፣ የቅንድብ ጭራም ብትሆን የዓይን ጥግ፣ ከላይ አስቀርተው የተቀዳው ዓይን የጎደለውን ብቻ እንዲሞላ ያድርጉ። ሁለተኛው ነገር ለእኔ የተነገረኝ ቆይቶ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ ብዙዎች አቋራጩን ይመርጣሉ። ጂኤፍፒጋንና ኮድፎርመር የሚባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የደበዘዘን ፊት በሰከንዶች ውስጥ ጥርት ያደርጉታል። የሠለጠኑት ፍሊከር ከተባለው የፎቶግራፍ ድረ ገጽ በተሰበሰበ 70,000 የፊት ፎቶግራፍ ነው፤ የጎደለውንም የሚሞሉት ከዚያ በተማሩት ነው። ውጤቱ የሚያምር ፊት ነው፣ የማን እንደሆነ ግን እንጃ። በእናትየው ላይ ሞክሬው ዓይናቸው ሰፋ፣ ከንፈራቸው ተስተካከለ፣ የሃያ አምስት ዓመት የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ መሰሉ። ለመጋረጃና ለልብስ ይጠቀሙበት ካሉ አልከራከርም። ዓይንና አፍ ላይ ግን እኔ አላስጠጋውም።

ለባልደረቦች ማሳየት

ሦስት ሰዓት አንድ ፊት ላይ ያፈጠጠ ዓይን የሠራውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል። በማግስቱ ማየት ይረዳል፤ ምስሉን ግራ ቀኝ ገልብጦ ማየትም ይረዳል። የሌላ ሰው ዓይንን ግን የሚተካ የለም።

ከመላክዎ በፊት የቤተሰቡን ፈቃድ ይጠይቁ። ካልፈቀዱ የተቸገሩበትን ቁራጭ ብቻ፣ ፊቱ በማይታይበት አኳኋን ቆርጠው ይላኩ። ከታደሰው ጋር ዋናውን ስካን በእኩል መጠን አያይዙ፤ ዋናውን ያላየ ሰው አስተያየቱ ግምት ነው። በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ የተላከው ስለሚጨመቅ ባልደረባዎ የእርስዎን ስህተት ከቴሌግራም ስህተት መለየት ያቅተዋል።

ትልቁ ነገር አጠያየቁ ነው። «እንዴት ነው?» ብለው ከላኩ መልሱ የታወቀ ነው፤ «እጅህ ይባረክ!» ይሉኝታችን ለሠርግና ለለቅሶ ይጠቅመናል፤ እዚህ ግን ሥራ ያበላሻል። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ቢያንስ ሦስት ስህተት ፈልጉልኝ፤ ቦታውን በቀይ ክበቡት።» ስህተት ፈልግ የተባለ ሰው ሳያገኝ መመለስ ያሳፍረዋል።

ለሦስት ሰዎች ላክሁ። አንዱ ሠዓሊ ነው። በዚያው ምሽት ዓይኑን ከብቦ መለሰልኝ። በደህናው ዓይን ውስጥ የስቱዲዮው መብራት ነጸብራቅ በስተግራ በኩል ነጥብ ሆኖ ይታያል። እኔ ገልብጬ በለጠፍኩት ዓይን ላይ ነጥቡ በስተቀኝ ሆኗል። «ሴትዮዋ በሁለት መብራት መካከል ነው እንዴ የተቀመጡት?» አለኝ። ነጥቡን አጥፍቼ በትክክለኛው ወገን ስመልሰው እይታቸው ወዲያው ተቃና፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ቅር እያለኝ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ሁለተኛው የነጠላው ጠርዝ ላይ አንዲት ጠቃጠቆ ሦስት ጊዜ ተደግማ አገኘ። የክሎን ስታምፕ የታወቀ ጥፋት ነው፤ ከአንድ ቦታ ደጋግሞ መቅዳት።

ሦስተኛዋ ያለችው ግን አስደነገጠኝ። «አንገታቸው ላይ የነበሩትን መስመሮች ለምን አጠፋሃቸው? ስንጥቅ መሆናቸውን እርግጠኛ ነህ?» ዋናውን ስካን ከፍቼ አጎላሁት። ሦስት ቀጫጭን መስመሮች በአንገቱ ዙሪያ ይታያሉ። እኔ ከእጥፋቱ የተቀጠለ ስንጥቅ መስለውኝ ከአቧራው ጋር ጠርጌአቸዋለሁ። አሁን ትኩር ብዬ ሳያቸው ግን ሁለቱ ላይኞቹ የአንገቱን ክብ ተከትለው ይታጠፋሉ፤ ስንጥቅ ሥጋን አይከተልም፣ ወረቀትን ነው። ስልክ አነሣሁ።

«እማማ፣ እናትዎ አንገታቸው ላይ…» ሳልጨርስ መለሱልኝ። «ንቅሳቷ ነዋ ልጄ! ሁለት መስመር ነበራት። ከሥሩ ደግሞ ማተቧ አለ። እሱን አጥፍተህ ልታመጣልኝ ነበር?»

አዎን፣ ላመጣላቸው ነበር። አልጠፋ ያለውን መስመር ስጠርግ የሰውን ማተብ እየበጠስኩ ነበር። የአቧራው ሥራ ለብቻው ሌየር ላይ ስለነበር ግን በአንገቱ ላይ ማስክ አድርጌ ዋናውን መለስኩት፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሁሉን በአንድ ሌየር ላይ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅብኝ ነበር።

አስተያየቶች ሲጋጩስ? ሠዓሊው «ጉንጩ ከመጠን በላይ ለስልሷል» ሲል ሁለተኛው «ገና አልጸዳም» አለ። ስጠይቃቸው አንዱ ያየው በትልቅ ስክሪን አጉልቶ ነው፤ ሌላው በስልክ። ስለዚህ ከአስተያየቱ ጋር በምን እንዳዩት ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ዳኛው ዋናው ስካን ነው። ለሚሉት ነገር ዋናው ላይ ማስረጃ የሚያሳይ ሰው ይሰማል፤ «እንዲህ ቢሆን ያምራል» የሚለው ይመሰገንና ይታለፋል። መምሰል አለመምሰሉን ደግሞ ከባልደረቦች አይጠይቁ፤ እሱን የሚያውቁት ቤተሰቦቹ ናቸው።

ማጠቃለያው

ብዙ የተነካካ ቦታ ከቀረው የፊት ክፍል ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ የፊልሙ ቅንጣት ጠፍቷልና። በላይኛው ሌየር ላይ ጥቂት ኖይዝ (ቅንጣት መሰል ነጠብጣብ) ጨምረው በጣም በትንሹ ያደብዝዙት፤ ከዚያ በተነካኩት ቦታዎች ላይ ብቻ እንዲታይ በማስክ ይወስኑት። በ100 ፐርሰንት ሲያዩት የታደሰውና ያልተነካው መለየት ካቃተዎት በቃ።

ቀለም ለመቀባት የሚጠይቅ ደንበኛ አይጠፋም። የጥለቱ ቀለም ምን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ካለ እሠራለሁ፤ ከሌለ አልሠራም። ኮምፒውተሩ ለጥለት ሁልጊዜ ያችኑ የደበዘዘች ሰማያዊ ነው የሚሰጠው።

የማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ያትሙ፤ የሚያብረቀርቀው የብሩሽን ምልክት ሁሉ ያጋልጣል። ለቤተሰቡ የምሰጠው አራት ነገር ነው፦ ኅትመቱ፣ ያልተነካው ስካን፣ የታደሰው ፋይል፣ እና በፖስታ ውስጥ ያለችው ያቺው ወረቀት። በፖስታው ላይ ፎቶግራፏን ሳላስገባ በፊት በእርሳስ ጻፍኩበት፦ «የታችኛው ማዕዘንና የአንዱ ዓይን ግማሽ በኮምፒውተር የተሞላ ነው። ንቅሳቱና ማተቡ የራሳቸው ነው።»